ተረት ፍለጋ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ

አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ፣ መንገድ ዳር ተቀምጠው ቆሎ ከሚሸጡ አንዲት እናት ቆሎ ገዛሁ። ቆሎውን ጨርሼ መጠቅለያውን ዘረጋሁት። የቆየ ልማዴ ነው፤ የታተመ ነገር ሳላነብ መጣል አይሆንልኝም። ወረቀቱ ከልጆች የተረት መጽሐፍ የተገነጠለ ነበር። ቀበሮ ዶሮን ተጠግታ ማግባባት ጀምራለች፤ ዶሮዋ ምን እንደመለሰች ግን ሌላ ሰው ከበላው ቆሎ ጋር ሄዷል።

ተመልሼ «እናቴ፣ የቀረው መጽሐፍ አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እኔ ወረቀት በኪሎ ነው የምገዛው ወንድሜ፤ ደብተሩም፣ ጋዜጣውም፣ መጽሐፉም ተደባልቆ ነው የሚመጣው» አሉኝና ከጆንያው ውስጥ የተረፈውን አወጡልኝ። ሽፋን የለው፣ የርዕስ ገጽ የለው፣ መጨረሻ የለው። የመጀመሪያ እትም ይሁን አምስተኛ ማወቂያ መንገድ አልነበረም።

የቆዩ የልጆች መጻሕፍትን የመጀመሪያ እትም መፈለግ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ሰው ሲሰማ የሀብታም ጨዋታ ይመስለዋል። በውጭው ዓለም እውነትም ብዙ ገንዘብ ያለበት ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር በ1865 እ.ኤ.አ. የታተመው የሉዊስ ካሮል የአሊስ ታሪክ፣ ሠዓሊው ጆን ቴኒየል የሥዕሎቹን አወጣጥ አልወደድኩትም በማለቱ ከገበያ ተመልሷል። ከዚያ ኅትመት ተርፈው ዛሬ የት እንዳሉ የሚታወቁት ቅጂዎች ሃያ ጥቂት ብቻ ናቸው። ዋጋቸውን ባልናገር ይሻላል፤ ቡና እየጠጣችሁ ከሆነ ትን ይላችኋል።

እኔን የበለጠ የሚገርመኝ ግን የአንድ ደብዳቤ ታሪክ ነው። ቢያትሪክስ ፖተር የምትባል ሴት መስከረም 4 ቀን 1893 እ.ኤ.አ. ኖኤል ሙር ለሚባል የታመመ ትንሽ ልጅ ደብዳቤ ጻፈች። ልጁ የቀድሞ አስተማሪዋ ልጅ ነው። የምጽፍልህን አላውቅም ብላ ስለ አራት ትንንሽ ጥንቸሎች ተረት አወጋችው፤ በየመስመሩ መካከልም ሥዕል ሣለችለት። ልጁ ደብዳቤውን አልጣለውም። ዓመታት አልፈው ተረቱን መጽሐፍ ላድርገው ብላ ስታስብ ደብዳቤውን መልሳ የተዋሰችው ከራሱ ከኖኤል ነበር። አሳታሚዎች እንቢ ሲሏት በ1901 እ.ኤ.አ. በራሷ ገንዘብ 250 ቅጂ አሳተመች። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ልጆች የሚያውቁት የጥንቸሉ ጴጥሮስ ታሪክ የተወለደው እንዲህ ነው። አንድ ሕፃን፣ ወይም ምናልባት እናቱ፣ አንዲት ወረቀት በመሳቢያ ውስጥ አስቀመጡ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

በእኛ አገር ያለው መሳቢያ ቡፌ ይባላል። ስለዚህ ፍለጋዬ ከጨረታ አዳራሽ ይልቅ በየሰው ሳሎን ነው።

ምን እንደምፈልግ ልንገራችሁ። አንደኛው የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ነው። ከጠላት ወረራ ማግሥት ጀምሮ በተከታታይ ክፍሎች የወጣ፣ ከኤዞፕና ከላ ፎንቴን የተወሰዱ ተረቶችን በአማርኛ ግጥም ያስገባ፣ ትውልድ በትምህርት ቤት በቃሉ ያጠናው መጽሐፍ። ሁለተኛው ሐዲስ ዓለማየሁ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት «ተረት ተረት የመሠረት» ነው። ሰው ሐዲስን የሚያውቃቸው በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ ከዚያ አሥር ዓመት ቀድመው ተረት ሰብስበው ማሳተማቸውን ግን ብዙ ወላጅ አያውቅም። ሦስተኛው የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «እንቅልፍ ለምኔ» ነው። የተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ የፊደል ገበታና የንባብ መጻሕፍትም አሉ። እነዚህ በብዛት ስለታተሙ ማንም አላስቀመጣቸውም፤ ስለዚህ የቀደሙት ኅትመቶች ዛሬ ብርቅ ናቸው። የልጆች መጽሐፍ ዕጣው ይኸው ነው። የተወደደው ተነቦ ያልቃል፣ ያልተወደደው ንጹሕ ሆኖ ይተርፋል።

የመጀመሪያ እትም እንዴት ይታወቃል? የድሮ መጻሕፍት ዘመናቸውን ብዙ ጊዜ የሚጽፉት በግእዝ ቁጥር ነውና የርዕስ ገጹን ታች ተመልከቱ፤ ፲፱፻፵፰ ካለ 1948 ማለት ነው። «ሁለተኛ እትም» ወይም «ለሦስተኛ ጊዜ የታተመ» የሚል ቃል ከሌለ ተስፋ አለው ማለት ነው፤ እርግጠኛ ለመሆን ግን ከሌላ ቅጂ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ለዚህ አዲስ አበባ ያለው ወመዘክር ጥሩ ቦታ ነው፤ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመ ቤተ መጻሕፍት ነው። የማተሚያ ቤቱን ስምም እዩ፤ ብርሃንና ሰላም ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ ነበረ። ጠራዥ እጅ የገባ መጽሐፍ ደግሞ ያሳስታል፤ ትምህርት ቤቶች የተገነጠለውን በጨርቅና በካርቶን ሲያስጠርዙ የመጀመሪያው ሽፋን ይጣላል፣ ዳርና ዳሩም ይከረከማል።

በአዳማ አንድ ሌላ ምልክት አለ፤ ማኅተም። ከተማዋን ንጉሡ ከጦርነቱ በኋላ «ናዝሬት» ብለው ሰየሟት፤ በ1992 ዓ.ም. በይፋ ወደ ጥንቱ ስሟ ተመለሰች። የትምህርት ቤት ወይም የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ያለበት መጽሐፍ ካገኛችሁ በማኅተሙ ላይ ያለው የከተማ ስም መጽሐፉ መቼ እዚህ እንደነበረ ይነግራችኋል። ሰው ግን እንደ ማኅተም አይደለም፤ ረዳቶቹ ዛሬም «ናዝሬት፣ ናዝሬት» እያሉ ነው መንገደኛ የሚጠሩት።

አዳማን ያሳደጋት ባቡር ነው። ምድር ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1917 እ.ኤ.አ. ሲሆን የባቡር ሠራተኛ ቤተሰብ በዚህች ከተማ ብዙ ነው። ደመወዝተኛ ስለነበሩ ለልጆቻቸው መጽሐፍ ይገዙ ነበር። ከድሮው ጣቢያ ብዙ ሳልርቅ አባታቸው የባቡር ሠራተኛ ወደነበሩ አንዲት እትዬ ቤት በሰው በሰው ደረስኩ። ጀበናው ተጥዶ፣ ሲኒው ከቡፌው ሲወጣ፣ ከሲኒው ሥር በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አብሮ ወጣ። «ታሪክና ምሳሌ» ነበር።

የመጀመሪያ እትም አይደለም። የርዕስ ገጹ ራሱ ዳግም የታተመ መሆኑን ይናገራል። ነጋዴ ቢሆን አገላብጦ ያስቀምጠው ነበር። ከሽፋኑ ቀጥሎ ባለው ባዶ ገጽ ላይ ግን አባት በቀለም ብዕር ለልጃቸው ጽፈዋል፤ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ክፍል በማለፏ የተሰጠ መሆኑን፣ ቀኑን፣ «ናዝሬት» የሚለውን፣ ከታች ፊርማቸውን። ከዚያ በታች በሌላ እጅ ጽሑፍ፣ መጽሐፉ ለታናሿ ሲተላለፍ የታናሿ ስም፣ ከዚያ የወንድሟ፣ ከዚያ የሌላው። አምስት ስም፣ አምስት ዓይነት እጅ ጽሑፍ። የመጨረሻው ልጅ ፊደል ገና እየተማረ ስለነበር ስሙን ከታች ወደ ላይ ጽፎታል።

እትዬ ይህን ሲያሳዩኝ ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ብቻ አልነበረም። ቤቱ ሊፈርስ ነው። ወደ ሌላ ሰፈር፣ ወደ ጠባብ ቤት ሊዛወሩ ነው። ልጆቻቸው «አሮጌውን ሁሉ ይዘሽ አትሂጂ» ብለዋቸዋል። ቆራሌው ሁለት ጊዜ መጥቶ ብረታ ብረቱንና የመጻሕፍቱን ካርቶን ወስዷል። ይህኛው የተረፈው ከሲኒው ሥር ስለነበረ ነው። «ካርቶኑ ውስጥ ምን ምን ነበር?» አልኳቸው። «የአባዬ የፈረንሳይኛ ደብዳቤዎች፣ የልጆቹ መጻሕፍት… ምን አውቄው ልጄ» አሉኝ። እኔ ልጅ የሚያሰኝ ዕድሜ የለኝም፤ ሐዘኑ ግን ልጅ አድርጎኝ ነበር።

በየቤቱ የሚሆነው እንዲህ ነው። መጽሐፍ የሚጠፋው በእሳት ወይም በጎርፍ ብቻ አይደለም፤ ቤት ሲቀየር፣ ቡፌ ሲሸጥ፣ ልጆች ከውጭ አገር መጥተው ቤት ሲያጸዱ ነው። ስለዚህ ለወላጆች የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ካርቶኑ ከመውጣቱ በፊት የእያንዳንዱን መጽሐፍ የመጀመሪያ ሁለት ገጽ ግለጡ። አያት ካሉ አጠገባቸው ሆናችሁ ግለጡ፤ እጅ ጽሑፉ የማን እንደሆነ የሚነግሯችሁ እሳቸው ብቻ ናቸው። ለእኔ የአምስት ወንድምና እኅት ስም ያለበት ሦስተኛ እትም፣ ማንም ካልነካው የመጀመሪያ እትም ይበልጣል። ሰብሳቢዎች በዚህ እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ። ይሳቁ።

ከአዳማ ወደ ሞጆ ተመልሼ ደቡቡን መንገድ ያዝኩ። ሞጆ ላይ ቆዳ እንጂ መጽሐፍ አላገኘሁም። አዲሱ ፈጣን መንገድ መቂን በአንድ ትንፋሽ ያደርሳል፤ መስኮቱን ከዘጋችሁ የቲማቲምና የሽንኩርት ማሳውን ሳታዩ ታልፋላችሁ።

መቂ ላይ አብራኝ ምሳ የበላች ወጣት መምህርት አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። «የምትነግሩኝ ሁሉ የአማርኛ ነው። አያቴ ተረት የነገረችኝ በአፋን ኦሮሞ ነው፤ የእሷስ የመጀመሪያ እትም የት ነው?» አለችኝ። መልስ ያለው ጥያቄ በመሆኑ ደስ አለኝ።

በ1894 እ.ኤ.አ. በምጽዋ አቅራቢያ በምትገኘው እምኩሉ፣ በስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ፣ አንድ የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ታተመ፤ «ጀልቀበ በርሲሳ» ይባላል፣ የትምህርት መጀመሪያ እንደማለት ነው። የተጻፈው በግእዝ ፊደል ነው። ያዘጋጁት አናሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ናቸው። ሁለቱም በልጅነታቸው ለባርነት የተዳረጉ ናቸው። አናሲሞስ፣ የልጅነት ስሙ ሂካ፣ ከኢሉባቦር ተወስዶ ብዙ ጊዜ ከተሸጠ በኋላ በ1870 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ። አስቴር የሊሙ ልጅ ናት። ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ የተጫነችበትን ጀልባ የጣልያን መርከብ በ1886 እ.ኤ.አ. አስቁሞ አዳናትና እምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። እሷም በልጅነቷ የሰማቻቸውን ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ አባባሎችና ዘፈኖች በቃሏ እያስታወሰች ጻፈቻቸው፤ አምስት መቶ ያህል ናቸው ይባላል። ከእነዚህ ብዙዎቹ በማንበቢያው ውስጥ ገቡ።

ይህን እንደ አያት አስቡት። ከእናቷ ጉያ የተነጠቀች ልጅ፣ አገሯ ወደፊት ስለማየቷ ምንም ዋስትና የሌላት፣ ተረቱን ሁሉ ተሸክማ ባሕር ዳር ደረሰች። ኋላ በ1904 እ.ኤ.አ. ሁለቱም ወደ ወለጋ ተመልሰው ልጆች አስተማሩ። አናሲሞስ በ1931 እ.ኤ.አ. ነቀምቴ ላይ አረፉ። የዚያ መጽሐፍ አንድ ቅጂ በእጄ ቢገባ የአሊስን መጽሐፍ ስጡን ብትሉኝ እንኳ አልለውጣችሁም።

ወጣቷ መምህርት ዝም ብላ ሰማችና፣ «እኔ ግን የተማርኩት በቁቤ ነው» አለች። ልክ ናት፤ ያም የመጀመሪያ እትም አለው። ቁቤ በይፋ የተወሰነው በጥቅምት 1984 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ የአንደኛ ክፍል መጻሕፍት ገና ሠላሳ ዓመት አልፏቸው ካሁኑ ብርቅ እየሆኑ ነው፤ የመማሪያ መጽሐፍ ዕድሜው አጭር ነውና። መምህርቷ እናቷ ቤት አንዱ እንዳለ ትዝ አላት። ስልኳን አንስታ እናቷ ጋ ስትደውል የሰማኋት የመጀመሪያ ቃል «እንዳትጥዪው» የሚል ነበር፤ ከዚያ ወደ ኦሮምኛ ገባች።

ባቱ፣ የድሮው ዝዋይ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበላችሁ ከፊታችሁ ከምታዩአቸው ደሴቶች ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። ደብረ ጽዮን ይባላል። በአፈ ታሪክ በዮዲት ዘመን ካህናት ታቦትና መጻሕፍት ይዘው የተሸሸጉት እዚያ ነው፤ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍትም ዛሬ ድረስ አሉ። የልጆች መጽሐፍ ፍለጋ እዚያ ምን ወሰደህ ትሉኝ ይሆናል። የወሰደኝ የአቀማመጡ ነገር ነው። መጻሕፍቱን ለመግዛት ግን ማንም አያስብ፤ ቅርስ ናቸው፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቁ ናቸው።

አባቶቻችን ብራናውን በቆዳ ማኅደር ከትተው በጠፍር ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ለምን? ምስጥ ከመሬት ነው የሚነሳው፣ አይጥ ከመደብ ነው የሚደርሰው፣ ውኃም ወለል ለወለል ነው የሚሄደው። የተሰቀለ መጽሐፍ ነፋስ ያገኛል። በዚህ ሸለቆ ውስጥ ቀን ሙቀቱ፣ ሐይቅ ዳር ደግሞ እርጥበቱ ለወረቀት ጠላት ነው፤ ጥበቡ ለቤታችንም ይሠራል። መጽሐፉን ከወለል አንሡት፣ ግድግዳውን አታስነኩት። ላስቲክ ውስጥ አትዝጉበት፤ ያልበዋል። እንደ አዳማዋ እትዬ በታጠበ ነጭ ጨርቅ መጠቅለል ከሁሉ ይሻላል። የተቀደደ ገጽ በፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ፊደሉን ይበላዋል። ደብዳቤ ከሆነ እጥፋቱን ፈትታችሁ በንጹሕ ወረቀት መካከል ጠፍጣፋ አስቀምጡት፤ ሰው የሚስተው እጥፋቱን ነው፣ ደብዳቤ የሚቀደደው ሁልጊዜ እዚያው መስመር ላይ ነው። የማን እንደሆነ መጻፍ ካስፈለገም በእርሳስ ይሁን፣ በእስክሪብቶ አይሁን።

ስለ ደብዳቤ ካነሣሁ አይቀር፣ በመንገዴ ሁሉ የታወቀ ደራሲ ለልጅ የጻፈው የተፈረመ ደብዳቤ አላገኘሁም። ያገኘሁት ሌላ ነው፤ ሥራ ፍለጋ ወደ ወንጂ ሸንኮራ የሄደ አባት ለልጆቹ የላከው፣ በኅዳጉ ላይ ሸንኮራ የሚበላ ዝንጀሮ የሣለበት አንድ ገጽ። ቤተሰቡ እንዳልገዛቸው ስላወቁ ነው ያሳዩኝ። ኖኤል ሙርም የተቀበለው ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ እሱ ግን ላለመጣል የሚያስተምሩት ሰዎች ነበሩት።

ከላንጋኖ በታች መንገዱ ግራር ለግራር ይሄዳል። አርሲ ነገሌን አልፌ ሻሸመኔ ስገባ መሽቶ ነበር። ከዚያ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላችሁ ሐዋሳ ላይ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. በአህያ የሚጎተት የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀምሮ ነበር። የቂሉ ማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ባለ ቀለም ሥዕል አድርገው ያሳተሙት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የመሩት ድርጅት ሥራ ነው። የዚያ መጽሐፍ የመጀመሪያ እትም በ2002 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው፤ ቤታችሁ ካለ አስቀምጡት፣ ነገ የሚፈለገው እሱ ነው። ውጭ አገር ያለ ልጅ «ምን ልላክላችሁ?» ብሎ ሲደውልም ሁልጊዜ ጫማ አትበሉ። ሃሮልድ ኩርላንደርና ዎልፍ ሌስላው በ1950 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ያሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መጽሐፍ አለ፤ ርዕሱ በተራራው ላይ ስላለው እሳት ነው። አሮጌ መጽሐፍ ቤት ያፈላልግላችሁ።

ሻሸመኔ ላይ የመጨረሻ የጎበኘኋቸው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ቡፌያቸው የመስተዋት በር ያለው፣ ሁለት መደርደሪያ የልጆች መጽሐፍ የሞላበት ነው፤ «ተረት ተረት የመሠረት»ም አላቸው፣ ሽፋኑ ሳይቀር። ዓመተ ምሕረቱን አየሁ፤ ፲፱፻፵፰። እጄ ተንቀጠቀጠ። እንደ ሰብሳቢ ልማዴ «ጋሼ፣ ይህንን ልጆች ባይነኩት» አልኩ። ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ታዲያ ለማን ተጻፈ?» አሉና ከመሳቢያ አንድ ደብተር አወጡ። የልጅ ልጆቻቸውና የጎረቤት ልጆች መጽሐፍ የሚዋሱበት መዝገብ ነው፤ ቀን፣ ስም፣ የመጽሐፉ ርዕስ፣ ፊርማ፣ መያዣ። ለተራ መጽሐፍ መያዣ አይጠየቅም። ለብርቁ ግን ልጁ የሚወደውን ነገር ማስያዝ አለበት፤ እዚያው በረንዳ ላይ እጁን ታጥቦ ያነባል፣ ሲመልስ ዕቃውን ይወስዳል።

እኔ ሳነጋግራቸው የዘጠኝ ዓመት ገደማ ልጅ እጁን በሸሚዙ እየጠረገ ገባ። ጋሼ «በፎጣ!» አሉት። ሄዶ በፎጣ ጠርጎ ተመለሰና በመዝገቡ ላይ ፈረመ፤ መጽሐፉንም በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ በረንዳ ወጣ። ኳሱ ቡፌው አናት ላይ ቀረ።